«ሴት የነዳችው»

ባል አውሱኝ። ለዘላቂው አይደለም፣ ለአሥር ደቂቃ ብቻ። መናኸሪያ ጋ ያለው መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ አንድ ሊትር ኩላንት (ሞተር እንዳይግል ራዲያተር ውስጥ የሚሞላውን ፈሳሽ) ገዝቶልኝ ይመለስ። መያዣ ካላችሁም አስይዛለሁ።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። እጄን ሦስት ጊዜ በኦሞ አሽቼ ያ ጣፋጭ ነገር የሚመስለው ሽታ አልለቅ ብሎኛል። የምጽፈው በግራ እጄ ነው፣ የቀኝ አውራ ጣቴ ተልጧል። ለምን እንደተላጠ እደርስበታለሁ፣ ቆዩ።

ቡሬን፣ ሞተር ሳይክሌን፣ ታውቁታላችሁ። ሐሙስ ከሐዋሳ ወደ ሀገረ ሰላም ስወጣ ዳገቱ ላይ የሙቀት መብራቱ ቀይ በራ። ጥግ ይዤ አጠፋሁትና እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሄልሜቴን ሳወልቅ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው ልጆች «ሴት ናት! ሴት ናት!» እያሉ ጓደኞቻቸውን ጠሩ። በነፃ ትርኢት አሳየሁ ማለት ነው።

የሸጠልኝ ሰውዬ ማስታወቂያው ላይ ምን ብሎ እንደለጠፈ ታስታውሳላችሁ? «ሴት የነዳችው፣ ንክች ያላለ።» እስኪ ይሄን ነገር አስረዱኝ። ሽያጭ ላይ ሲሆን ሴት የነዳችው ማለት ዋጋ መጨመሪያ ነው። በእርጋታ ተነድቷል፣ ሰርቪስ በሰዓቱ ተደርጎለታል ማለት ነው። ሴትየዋ ራሷ ሄልሜት ይዛ ስትቆም ግን «የማን ሞተር ነው?» ሞተሩን የነዳችው ያቺ ሴት የት ገባች? ምናልባት እሷንም ባልሽን ላኪ ብለው መልሰዋት ይሆናል፣ ለዚህ ነው ኩላንቱን ሳትቀይር የሸጠችው።

ወደ ሱቁ ልግባ። ቃል በቃል ነው፣ አንድም አልጨመርኩም።

«ኩላንት አለ?»

«ለምን መኪና?»

«ለሞተር።»

«ለባጃጅ?»

«ለሞተር። ሁለት ጎማ ያለው።»

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«አይ፣ እሱማ... የሚነዳው ማለቴ ነው።»

ሄልሜቱ ክንዴ ላይ ነው እኮ! ምን መሰለው፣ ዘንቢል? ከገበያ ሽንኩርት ይዤ የምመለስ መሰልኩት?

«እህቴ፣ ባለቤትሽ ይደውልልኝ፣ ለሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ «ባለቤት የለኝም» አልኩ። ለምን አልኩ? ማን ጠየቀኝ? ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እንደ ለቀስተኛ አየኝ። በር ላይ የቆመ አንድ የባጃጅ ሹፌር «እንግዲያ መጀመሪያ እሱን ነዋ የምትፈልጊው፣ ኩላንቱ ይደርሳል» አለና ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ጓዳ ውስጥ ካርቶን የሚከምረው ልጅ ሳይቀር አንገቱን አውጥቶ ሳቀ።

ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። ሰውዬው ከጀሪካን አረንጓዴ ነገር በሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳልኝ። ጽሑፍ የለው፣ ስም የለው። «ይሄ ጥሬው ነው ወይስ ከውሃ ጋር ተቀላቅሏል? ለአሉሚኒየም ራዲያተር ይሆናል?» አልኩ። እሱ ምን አለ መሰላችሁ?

«እህቴ፣ ሽሮ ነው እንዴ ከምን ተሠራ የምትይው?»

መልሱ የመጣልኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። «ሽሮ ቢሆንማ አንተም ማን እንዳዘጋጀው ሳታውቅ አትበላውም» ነበር መልሱ። ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ይኸው እዚህ ጻፍኩት፣ ቢያንስ እናንተ ሳቁልኝ።

ይባስ ብሎ ምክር ጨመረልኝ። «ሐዋሳ በረዶ የለ፣ ምን ኩላንት ያስፈልግሻል? የቧንቧ ውሃ ሙይበት።» ወንድሜ! ኩላንት ለበረዶ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ የቀቀለች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሀገረ ሰላም ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ያቺ የራዲያተር ክዳን 1.1 የሚል የተጻፈባት ለጌጥ አይደለም፣ ግፊቱን አፍና ይዛ ነው ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የምታደርገው። ክዳኗ ካረጀች ወይም ውስጡ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ዳገት ላይ የኔን ድንጋይ ትጋራለህ። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያችሁ ስር የሚጋገረውን ያን ነጭ ነገር እነዚያ የራዲያተር ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋግራል። ዝገቱን አልቆጠርኩም።

ይሄን ሁሉ ነገርኩት? አልነገርኩትም። «እሺ፣ የታሸገውን ስጠኝ» አልኩ፣ በቃ። 900 ብር አለኝ፣ ከፈልኩ። ገና ደረጃውን ሳልወርድ የባጃጁ ሹፌር ያንኑ ዕቃ ጠየቀ። ስድስት መቶ ሃምሳ። ጆሮዬ አልዋሸኝም። ልዩነቱ 250 ብር የባል አለመኖር ቀረጥ ነው ብዬ መዝግቤዋለሁ።

(ባለፈው ወር ነዳጅ ሰልፍ ላይ «ሴቶች ይቅደሙ» ብለው ወደፊት ያሳለፉኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ፓምፑ ጋ ስደርስ ቀጂው «ሞተሩን ለማን ነው የያዝሽለት?» አለኝ። ትራፊኩም መንጃ ፈቃዴን ገልብጦ ገልብጦ ፎቶውን ከፊቴ ጋር ያስተያየው ጊዜ አለ። ስንቱን ልቁጠር።)

ደግሞ ሮንዴላውን ረሳሁ! ከሞተሩ የውሃ ፓምፕ ስር ያለችው የማፍሰሻ ብሎን የመዳብ ሮንዴላ (እንዳታንጠባጥብ ስሯ የሚገባ ቀለበት) አላት፣ በተፈታች ቁጥር መቀየር ያለባት። እሱንም ጠይቄዋለሁ። «ምን ያደርግልሻል፣ ያው የድሮውን መልሺው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ ትመለሳለች።

ቤት መጣሁ። ሞተሩ ከበረደ ቆይቷል (ትኩስ ሆኖ ክዳኑን የሚከፍት ፊቱን የጠላ ሰው ብቻ ነው)። ሳፋ ስር አደረግኩ፣ ብሎኗን በ8 ቁልፍ ፈታሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ። የወጣው ነገር... አተላ። የጠላ አተላ። «ፋብሪካው እንደሞላው ነው፣ አትንኪው» ብሎ ሞተሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ይሄን ፋብሪካ ያሳየኝ። ወፍራም፣ ቡናማ፣ ከስሩ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ። አምስት ጊዜ በውሃ አጠብኩት፣ አምስተኛው ላይ ነው የጣቴ ጫፍ ሳፋው ውስጥ የታየኝ።

በዚህ መሐል የአከራዬ በግ መጣ። ለበዓል የሚቀለበው። ኩላንት ጣፋጭ መርዝ እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ውሻም ድመትም ጣፍጧቸው ጠጥተውት የሚሞቱበት ነው። በጉ አፍንጫውን ወደ ሳፋው ሰደደ፣ እኔ ቁልፍ ይዤ «ሂድ!» ብዬ ተነሳሁ፣ አከራዬ በዚያው ቅጽበት ከጓዳ ወጡ። «ልጄ፣ በጉ ምን አደረገሽ?» አተላውን በሃይላንድ ገልብጬ ማንም እንዳይሳሳት በማርከር «መርዝ» ብዬ ጻፍኩበት። አነበቡት። በጉን አዩት። እኔን አዩኝ። በጉን ፈትተው ጓዳ አስገቡት። አሁንም እዚያው ነው፣ ሲጮህ ይሰማኛል። ጠርሙሱን የት እንደምደፋው ደግሞ ማንም የሚነግረኝ የለም። ቦይ ውስጥ ብደፋው ሐይቁ ነው መጨረሻው። ስለዚህ ቁም ሳጥኔ ላይ ተቀምጧል። መርዝ ይላል።

አሁን ጣቴ ጋ ደረስን። የድሮዋን ሮንዴላ መለስኳት። ያው ነው አይደል የተባልኩት? ኩላንቱን ከዲስትልድ ውሃ ጋር እኩል በእኩል አድርጌ ሞላሁ፣ ቡሬን ግራና ቀኝ እያዘነበልኩ፣ ቱቦውን ጨመቅ ጨመቅ እያደረግኩ አየሩን አስወጣሁ። ብልቅ፣ ብልቅ እያለ አረፋው ሲወጣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ ጎድሎ የወረደውን ሞላሁ፣ ከደንኩ። ጎንበስ ብዬ ከስር አየሁ።

ጠብ።

ትንሽ ላጥብቃት አልኩ። ለዚህች ቀጭን ብሎን መጽሐፉ 10 ኒውተን ሜትር ይላል፣ በእጅ አንጓ ብቻ ማለት ነው። ግን እኔ የያዝኩት ብሎን አልነበረም፣ ሰውዬውን ነበር። ሩብ ዙር፣ «ባለቤትሽ ይደውልልኝ።» ሩብ ዙር፣ «ሽሮ ነው እንዴ?» ሩብ ዙር፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር! ከዚያ እጄ ድንገት ቀለለው። ያ ቀለል ማለት ምን እንደሆነ ብሎን ልጦ የሚያውቅ ሰው ሆዱ ያውቀዋል። ቁልፉ አመለጠ፣ ጣቴ ፍሬሙን ገጨ፣ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ብሎኗ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ፀጉር ወጣ።

አዎ፣ እኔ ነኝ የላጥኩት። አውቃለሁ። እሱ ግን ሮንዴላውን ቢሸጥልኝ ኖሮ አልላጠውም ነበር፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሱ ነው። ማንም «ግን እኮ» ብሎ እንዳይመጣብኝ ዛሬ።

ብሎኗን በክር ጠቅልዬ ጠቀጠቅኳት፣ እስከ ጠዋት ብትይዝ ነው። ጠዋት ቶርኖ ቤት ወስጄ ሰፋ ተደርጎ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ቶርኖ ቤቱ የት እንዳለ ገምቱ። ከዚያው ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ። ማስነሳት ስለማልችል ቡሬን እየገፋሁ በሰውዬው በር ላይ ማለፌ ነው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ዱካ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ዓይነት ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ሄልሜቴን አድርጌ፣ መስታወቱን ዘግቼ ነው የማልፈው። ሮንዴላውንም ከሱ ነው የምገዛው፣ ሌላ ቦታ የለም።

የባሉን ነገር ተዉት። የሚገፋልኝ ሰው ነው የምፈልገው፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወንድም ሴትም ብትሆኑ ግድ የለኝም።

ስሩ የቲማቲም ቆርቆሮ አስቀምጫለሁ። ቆጠርኩት፣ በአሥራ አንድ ሰከንድ አንድ ጊዜ ነው። አከራዬ አሁን በመስኮት «ልጄ፣ ያ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ነው እንዲህ ሲል የሚያድረው?» አሉኝ።