ከፍሳሽ የሚሞቅ ቤት

ስቶክሆልም ያለ ሀበሻ የማያማርርበት ነገር የለም። ስለ ጨለማው፣ ስለ ቤት ወረፋው፣ ስለ ግብሩ። ስለ ማሞቂያ ወጪ ግን ብዙም ሲነሳ አልሰማም። ለአፓርታማ ተከራይ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ኪራዩ ውስጥ ነው። በጥር ውርጭ መስኮቱን በርግዶ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው አውቃለሁ። አልፈርድበትም፤ የቁሌት ሽታ ኮት ውስጥ ከገባ አይወጣም።

ሙቀቱ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ውሃ በትልልቅ ጣቢያዎች ይሞቃል፣ በመሬት ውስጥ ቧንቧ እየሄደ ለየሕንፃው ሙቀቱን ያስረክባል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ድሮ የሚያሞቀው በአመዛኙ ነዳጅ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዘይት ሲወደድ ሌላ ማገዶ መፈለግ ጀመሩ። ቫርታን በሚባለው ሰፈር የነበረው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘጋ። እዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የጫካ ተረፈ ምርት ይነዳል፤ ቅርንጫፍ፣ ቅርፊት፣ የመሳሰለው።

እኔን የሚገርመኝ ሐማርቢ የሚባለው ጣቢያ ነው። ሁላችንም ከመታጠቢያና ከሽንት ቤት የለቀቅነው ውሃ ከተጣራ በኋላ ለብ እንዳለ ነው። ባሕር ከመግባቱ በፊት ግዙፍ የሙቀት ፓምፖች ሙቀቱን ይመጠምጡታል። አሠራራቸው እንደ ፍሪጅ ነው፤ ከቀዝቃዛው ወስዶ ሙቁን ማሞቅ። ከኮምፒውተር ማዕከላት የሚወጣው ሙቀትም ወደዚያው ቧንቧ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲቀየር ተከራዩ ምን አደረገ? ምንም። ራዲያተሩም ያው ነው። ስዊድኖች ከእኛ የተሻለ ለአየር ንብረት ስለሚጨነቁ እንዳይመስላችሁ። ማገዶው የጋራ ስለሆነ መቀየሩም የጋራ ሥራ ሆነ። አገር ቤት እሳቱ የየራስ ነው። «ከሰል ይቅር» ሲባል ምድጃውን የምትገዛው እናት ናት፤ መብራት ሲጠፋ ወደ ከሰሏ የምትመለሰውም እሷው።

እርግጥ የእነሱም ነገር ንጹሕ አይደለም። ሆግዳለን በሚባለው ሰፈር ቆሻሻ ያቃጥላሉ፤ ቆሻሻው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ያው ነዳጅ ነው። እንጨት ማንደዱም ያጨቃጭቃል። ቫርታን ላይ በዓመት 800,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጭሱ ለይቶ ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ2025 ተወስኗል። ሲሠራ እናያለን።

ቆሻሻ ካነሳን፣ የአዲስ አበባው ረጲም አለ። በ2009 ዓ.ም የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ጨረሰ። በ2010 ዓ.ም ማቃጠያው ተመረቀ፤ ዓላማው ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው። ሆግዳለን ግን ከኤሌክትሪኩ የተረፈውን ሙቀት ወደ ቧንቧ ይልካል። «አዲስ አበባ ራዲያተር ምን ያደርግላታል?» ትሉኛላችሁ። ለመኝታ ቤትስ ምንም። ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ልብስ እጥበትና ቆዳ ፋብሪካ ግን ዓመቱን ሙሉ ሙቅ ውሃ ይፈልጋሉ። አዲስ የኢንዱስትሪ መንደር ሲታቀድ ማቃጠያውና ፋብሪካው ጎን ለጎን ቢሆኑ ቧንቧው አጭር ነው። ፍል ውሃ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ለዚህ እንግዳ መሆን አልነበረባትም።