ሳህኑን ቶሎ አትመልሺው

ባለፈው ሳምንት ማታ ወጥ እየሠራች ሽንኩርት ያለቀባት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ አራት ራስ ወሰደች። ድስቷ ገና ከእሳት ሳይወርድ ስልኬ ጮኸ። በቴሌብር የሽንኩርቱን ዋጋ ልካልኛለች። በማግስቱ "እንዳይረሳኝ ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። ደግ ሰው ናት። ባሕር ዳር ከገባች ገና ዓመቷ ስለሆነ ማንንም ላለማስቸገር ትጠነቀቃለች። እኔ ግን አኩርፌ አደርኩ። ባለቤቴ "በአራት ራስ ሽንኩርት ሰው ያኮርፋል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ያኮርፋል።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በሰፈራችን የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም ነበር። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለ ባህላችን በተወራ ቁጥርም ይነሳል። የማይነሳው ሁለተኛው ደንብ ነው፦ ሳህኑ ቶሎም አይመለስም። ጠዋት ጎመን የመጣበትን ሳህን ከሰዓት ድንች ሞልተሽ ብትልኪ "ምን አስቸኮላት? ከእኛ ጋር መቆራረጥ ፈለገች እንዴ?" ትባያለሽ። እናቴ አጥባ መደርደሪያው ላይ ትደፋውና ቀን ትጠብቅ ነበር። አንዳንዴ ሁዳዴ ገብቶ ስልጆው እስኪደርስ፣ አንዳንዴ የበቆሎ እሸት እስኪያፈራ። በሰኔ የመጣ ሳህን ለዘመን መለወጫ እሸት ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ። በመሃል ያሉት ወራት ለእኛ ለልጆቹ ምንም አልነበሩም፤ ለሁለቱ ሴቶች ግን ገና ያላለቀ ጉዳይ ነበራቸው።

ስጦታ ስንቀበል የምንለውን ልብ በሉት፦ "ብድር መላሽ ያድርገኝ።" ነገ እመልሳለሁ የሚል ቃል የለበትም። መላሽ የሚያደርገን እግዜር ነው፣ ቀጠሮውንም የሚያውቀው እሱ ነው። የቴሌብሯ ጎረቤቴ ይህን ለመጠበቅ ፋታ አልሰጠችውም።

አንድ ጊዜ እናቴ እህቴን ልታርስ አዲስ አበባ ሄዳ ሁለት ወር ከርማ መጣች። ቡሃቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ገና ጓዟን ሳታራግፍ እታለም (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጠራት) በጣሳ እርሾ ይዛ ከተፍ አለች። እናቴ ስታመሰግናት "ምን ያስመሰግንሻል፣ የራስሽ ነው" አለቻት። እውነቷን ነው። ከዓመታት በፊት የእታለም ሊጥ ተበላሽቶባት ከእኛ ቤት የወሰደችው እርሾ ነበር። በየሳምንቱ ከሊጡ ላይ ሲቀዳ፣ ለቀጣዩ ቡኮ ሲጨመር ቆይቶ ወደ መጣበት ቤት ተመለሰ። እስቲ ማን ለማን አበደረ በሉኝ? በዚያ መደዳ ያሉት አምስት ስድስት ቤቶች እንጀራቸው አንድ ዓይነት ኩምጣጤ ነበረው። የሚለያዩት በአብሲት አጣጣል ነው። የእታለም ዓይኑ የበዛ ነበር፤ የእናቴ ግን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንዳንዴ ዓይነ ስውር ይወጣ ነበር።

ባሕር ዳር ከመጣሁ በኋላም እንዲህ ያሉ ሴቶች አላጣሁም። አንዷ የዳንግላ ልጅ ናት፤ ቤተሰብ ጠይቃ በተመለሰች ቁጥር ግብጦ ታመጣልኛለች። ግብጦን የማታውቁ ካላችሁ፣ በአዊና በምዕራብ ጎጃም የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ሌላው ሰብል ፊቱን ባዞረበት ደካማ መሬት ይበቅላል፤ እንደ ባቄላና አተር ሁሉ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ መሬቱንም ያደልባል። መዘዙ መራራነቱ ነው። ውስጡ ያለው አልካሎይድ እንዲወጣ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ በጆንያ ታስሮ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት መሰንበት አለበት። ከተማ ውስጥ በፈረቃ በሚመጣ የቧንቧ ውሃ ማን ይሞክረዋል? ስለዚህ አንድ ጣሳ ግብጦ ስታመጣልኝ ያመጣችልኝ የብዙ ቀን ወንዝ ነው፣ ጆንያው እንዳይወሰድ ሲጠብቅ የዋለ ልጅም አለበት። ይህን በስንት ብር ልላክላት?

ሌላዋ የመራዊ ሴት ናት። ወንድሟ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚ ነው። ያ ግድብ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታሰበ ነው፤ እኔ ግን የማውቀው በሳህን በኩል ነው። በፊት ድንችና ሽንኩርት ነበር የምታመጣው፤ አሁን አቮካዶ ተጨመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፌስታል ስትሰጠኝ እንዴት እንደሚበስል አላወቅኩም ነበርና ጤፍ ውስጥ ቅበሪው ብላ አስተማረችኝ። እኔ ደግሞ የቡሬ በርበሬ ገዝቼ ላስደልዝ ስል እሷን ነው የምጠራት። መቀንጠሱ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ማስነጠሱና ወሬው ሌላ ቀን። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ማንም ሳይጠይቅ ቅምሻዋ ይለያል። ሙስሊም ጎረቤታችንም ትቀነጥሳለች። በእሷና በእኔ መካከል ሥጋ አይሻገርም፤ ዳቦው፣ ቡናው፣ ከጓሮ የተቀነጠበው ጤና አዳምና በሶብላ፣ የበዓል ቆሎው ግን ሁሉ ይሻገራል።

ለገንዘብማ እቁብ አለን። ለለቅሶ እድር አለን፤ መዝገብ አለው፣ ለቀረ ቅጣት አለው፣ እንዲህም መሆን አለበት። ሳህን ግን ጸሐፊ የለውም። የሰጠችው ትረሳለች ወይም የረሳች ትመስላለች፤ የተቀበለችው ታስታውሳለች። የሚያስተሳስረው ይኸው የሂሳቡ አለመዝጋት ይመስለኛል።

በነሐሴ 2015 ሰሞን ይህን በሆዴ አየሁት። ተኩስ ነበረ፣ ሱቅ ዝግ፣ መንገድ ዝግ፣ ኢንተርኔት ጠፍቷል። ብር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ከዳንግላዋ ልጅ ቤት ሽሮ መጣ፣ ከእኔ ጓሮ ጎመንና ዱባ ሄደ፣ ከሙስሊሟ ጎረቤታችን ዘይት መጣ። ማንም ለማንም "ስንት ነው?" አላለም። ያን ሰሞን ስንበላ የሰነበትነው የቆየ ዕዳችንን ነው።

ግን ሁሉንም ማር አላደርገውም። ልጅ ሳለሁ ሳህን አድራሿ እኔ ነበርኩ፤ ወንድሜ በዚያ ሰዓት ደብተሩን ዘርግቶ ያጠናል። "አንቺ ሮጥ ብለሽ አድርሺ" ስባል የኖርኩበት ጊዜ ቢደመር ስንት ክፍል ያስተምር ነበር! ሳህኑ ወሬም ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ ክዳኑ ሲነሳ ጨው አነሰው፣ ቅቤ ሰሰተች ይባላል። ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ይህ ነው፦ እናቴ ዘንድ ቡና ትጠጣ የነበረች አንዲት ባልቴት ድንገት ቀረች። አሟት ይሆናል ብለን ስንሄድ ደህና ናት። ቡናው በተራ ነበርና ተራዋ ሲደርስ የምታፈላው አጥታ አፍራ ነው የቀረችው። የማይጻፍ ሂሳብ ለድሃ ከሚጻፈው ይከብዳል። የሚጻፈውን ቢያንስ "ወለዱ ይማርልኝ" ብሎ መለመን ይቻላል።

አሁን የኑሮ ውድነቱ ብዙዎቻችንን እንደዚያች ባልቴት እያደረገን ነው። መመለስ የማይችል ሰው መቀበልም ይፈራል፣ ወይም በዚያው ማታ ከፍሎ ይገላገላል። ጎረቤቴም ምናልባት ይህን ፈርታ ይሆናል፤ ስታኮርፉ ይህ አይታሰባችሁም። እናቴ ለባልቴቷ ያደረገችውን ባደርግ ይሻል ነበር። ቤቷ ድረስ ሄዳ "እትዬ፣ የኔ ጎመን ዘንድሮ ተባይ በላው፣ ከጓሮሽ ትንሽ ቁረጪልኝ" አለቻት። የእናቴ ጎመን ምንም አልሆነም ነበር። ሴትዮዋ ጎመኑን ቆርጣ ሰጠች፤ በሚቀጥለው ቀንም ቡና ላይ መጥታ እንደ አበዳሪ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ትናንት ወደ አዲሷ ጎረቤቴ ሄጄ ኮሰረት አላት እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ቅቤ ላነጥር ነው ብዬ። እኔ ዘንድ ሙሉ ቋጠሮ አለ። ከእናቷ የተላከላትን በትንሽ ሰማያዊ ሳህን አድርጋ ሰጠችኝ። ልጄ ዛሬ ጠዋት ሳህኑን አጥባ "ላድርስላት?" አለችኝ።

"ተዪው፣ ዱባው አልደረሰም" አልኳት።