ማስተካከያ፦ ራውተር ላይ የተሰካ አሮጌ ኤስኤስዲ እና ትሪም

በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ቤት ላላችሁ ቀደም ሲል በተሰራጨው መመሪያ፣ «ራውተር ላይ በዩኤስቢ የተሰካ አሮጌ ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ ድራይቭ) ‹ዲስካርድ› (discard) በሚለው አማራጭ ከተከፈተ ትሪም ይሠራል» ተብሎ ነበር። አማራጩ ብቻውን ግን አይበቃም።

ትሪም ማለት ፋይል ሲሰረዝ የተለቀቀውን ቦታ ለድራይቩ ማሳወቅ ነው። መልእክቱ በራውተሩና በድራይቩ መሃል ባለው የዩኤስቢ መቀየሪያ በኩል ማለፍ አለበት፤ ብዙ ርካሽ መቀየሪያዎች ደግሞ አያሳልፉትም። ማሳለፍ እየቻለ ራውተሩን የሚያስኬደው ሊኑክስ ሳያውቅለት የሚቀርም አለ፤ ያን ጊዜ ‹ፕሮቪዥኒንግ ሞድ› (provisioning_mode) የተባለውን የሊኑክስ ቅንብር ወደ ‹አንማፕ› (unmap) መቀየር ይረዳል። በግድ ማብራቱ ግን አደጋ አለው፦ መቀየሪያው ትእዛዙን ካዛባው ፋይል ይጠፋል። አስቀድማችሁ ቅጂ ያዙ (መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ቅጂ ለትሪም ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው)።

ከዚህ በኋላም የድራይቮችን ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ ‹ኤልኤስቢኤልኬ› (lsblk -D) የዲስካርዱን መጠን ዜሮ ካሳየ ትሪሙን ተዉት። በጣም የቆዩ ድራይቮች ትሪምን ጭራሽ አያውቁም፤ የአምራቹ ፈርምዌር (ድራይቩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ካልጨመረላቸው ራውተሩ ምንም አያደርግላቸውም።

ለሚሠራላቸውም ከ‹ዲስካርድ› ይልቅ በሳምንት አንዴ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ የተለቀቀውን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳውቀውን ትእዛዝ ‹ኤፍኤስትሪም› (fstrim) ማስኬድ ይሻላል። በአሮጌዎቹ ድራይቮች ትሪም በመጣ ቁጥር ሌላው ንባብና ጽሕፈት ቆሞ ይጠብቃል።