ጅማ የጎደላት አስፋልት ብቻ አይደለም

የጅማ መንገድ ሲነሳ ወሬው ሁሉ አስፋልትና ኮብልስቶን ነው። የቱ ተነጠፈ፣ የቱ ተቆፍሮ ቀረ። የተነጠፈው መንገድ ከየት ጋር እንደሚገናኝ ግን የሚጠይቅ የለም።

በጅማው መርካቶ አካባቢ አንዱ ቅያስ ቢዘጋባችሁ በሌላው ትወጣላችሁ። የሂርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት ስለነበር መንገዱም ወደዚያው ተሳበ። ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) መሃሉን በፕላን ቀየሰው። ወራሪን ማመስገኔ አይደለም፤ የፕላኑ ዓላማ ነጭን ከሀበሻ መለየትም ነበር።

ከተማዋ ወደ ዳር ስትሰፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሬት የሚሸነሸነው በቁራጭ በቁራጭ ነው። አንዱ የቤት ማኅበር የራሱን ቅያስ ያወጣና ድንበሩ ላይ ያቆማል። ቀጥሎ የመጣው ከሌላ በኩል ይጀምራል። ጨረቃ ቤት ሲጨመርበት ደግሞ መንገድ የሚሆነው ከአጥር የተረፈው ነው። ከጓሮህ ያለው ጎረቤት ቤት ለመድረስ ዋናው አስፋልት ድረስ ወጥተህ መዞር አለብህ፤ ካልሆነም የባጃጅ ትከፍላለህ። እንዲህ እየሆነ አጭሩም ረጅሙም ጉዞ እዚያው አስፋልትና እነዚያው የአዌቱ ወንዝ ድልድዮች ላይ ይከመራል። ከዚያ "መንገዱ ጠበበ፣ ይስፋ" እንላለን።

የመንገዶች መገናኘት መለኪያም አለው። ከአንዱ መጋጠሚያ ወይም ዝግ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያሉትን የመንገድ ቁራጮች ቁጥር፣ ለመጋጠሚያዎችና ለዝግ ጫፎች ድምር ታካፍላለህ። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ የሆነ ሰፈር ከ1 አያልፍም፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቀየሰ ሰፊ ሰፈር ወደ 2 ይጠጋል። አንዳንድ ከተሞች 1.4ን እንደ ደህና ዝቅተኛ ልክ ይወስዱታል። አሜሪካኖች ለጸጥታ ብለው ዝግ ቅያስ ሲያበዙ ኖረው፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በእኛ አቆጣጠር አዲሶቹን መንገዶች መልሰው ማገናኘት ጀምረዋል። ቀድመው የዘጉት ግን በአብዛኛው እንደተዘጋ አለ። ቤት ይፈርሳል፣ ጣሪያ ይቀየራል፤ የመንገድ መስመር ግን ግትር ነው።

"መውጫ ሲበዛ ሌባ ይበዛል፣ ልጆችም መጫወቻ ያጣሉ" የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ግን መገናኛው ሁሉ ለመኪና ይሁን አልተባለም። ሦስት ሜትር የእግረኛ መተላለፊያ ይበቃል፤ አዌቱ ላይም እንዲሁ፣ ትልልቅ ድልድይ እስኪሠራ ከመጠበቅ ጥቂት የእግር ድልድዮች ይሻላሉ።

ከዚህ በኋላ የሚጸድቅ ሽንሻኖ ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር የት እንደሚጋጠም ካላሳየ መፈረም የለበትም። ዛሬ የሚጠይቀው የቆርቆሮ አጥር ማንሳት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ፎቅ ይቆማል፤ ያኔ ካሳውን ማን ይከፍላል?