ነጯ ስንት ትሁን?

ደሴ ላይ ብር ያለው ሰው አይጠፋም። ዝርዝር ያለው ሰው ግን ተፈልጎም አይገኝ። ባጃጅ ውስጥ ድፍን 200 ብር አውጥታችሁ ሞክሩ፤ ሾፌሩ ሽጉጥ የተመዘዘበት ይመስላል። ሱቅ ብትገቡ የሁለት ብር መልስ ማስቲካ ነው። ከፍ ካለ ክብሪት። ስኳር ልትገዙ ወጥታችሁ፣ ሳታስቡት የማስቲካ ነጋዴ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ።

እንዲህ ባለ ከተማ ፖከር እንጫወት ላለ ሰው መጀመሪያ የሚጎድለው ካርታ አይደለም። ኮንከር ስንጫወትበት የኖርነው፣ ጠርዙ የወዛ ካርታ በየቤቱ አለ። የሚጎድለው ዝርዝር ነው። ፖከር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ አምስት ደግሞ መሀል ላይ ለሁሉም ይገለጣል። ካርታው ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በተራቸው ሳያዩ የሚያስይዙት መደብ አለ፣ ብላይንድ ይሉታል። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን እጥፍ ያስይዛል። ጨዋታው በሙሉ የሚነሳው ከዚያች ትንሽ መደብ ነው። ስድስት ሰው ስድስት ድፍን ብር ይዞ ከመጣ ግን ትንሽ የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ የለም። ብሮቹ ይተያያሉ። እኛም እንተያያለን።

መጀመሪያ የተሞከረው ሽምብራ ነበር። አንድ ሽምብራ አንድ ብር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ክፋቱ ሽምብራው የተቆላ መሆኑ። ከመካከላችን ያለው መምህር ሲያስብ የመቆርጠም ልማድ አለው። ፖከር ደግሞ ያሳስባል። ሰላሳ ሽምብራ ይዞ ተቀምጦ፣ አንድም ካርታ ሳይሸነፍ አስራ አንድ ቀረው። ራሱን በራሱ የበላ ቁማርተኛ ያየሁት ያኔ ነው። "ማን ወሰደብኝ?" ብሎ ዙሪያውን ሲቃኝ አፉ ውስጥ ገና ሦስት ብር ነበረው።

ቀጥሎ ቆርኪ መጣ። ቆርኪ አይበላም። ግን አንዱ ጓደኛችን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ የጃኬቱ ኪስ ይንሿሿል። በገባንበት ብር ልክ የተቆጠረ ቆርኪ ነበር የታደለን፤ ማታ ላይ ወደ ብር ይቀየር ሲባል ጠረጴዛው ላይ ያለው ቆርኪ ብራችንን ባስቀመጥንበት ጣሳ ውስጥ ካለው ብር በእጥፍ በለጠ። "ወላሂ እኔ አይደለሁም" አለ። ማንም እሱ ነህ አላለውም ነበር።

ይሄ ጣጣ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበት ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን 1780 ተብሎ እየተጻፈበት ተመታ። ሌላ ዓመት የተጻፈበት ቢመጣ ባላገር አይነካውም። የተቀበለውንም ቢሆን እያገላበጠ፣ የጌጧን ዕንቁ እያየ፣ ያልተፋቀ መሆኑን አረጋግጦ ነው። ከባድ ብር ነበር፤ ለጥቃቅን ነገር አይሆንም። ስለዚህ ዝርዝሩ አሞሌ ሆነ። ከአፋር ምድር የሚወጣ ጨው፣ ተጠርቦ ገንዘብ የሆነ። ከጨው ሜዳው በራቃችሁ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። ከላሱት ያልቃል። መምህሩ በዚያ ዘመን ቢወለድ ኖሮ ምን ሊውጠው እንደነበር አስቡት።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የፒያሳው ጨርቅ ነጋዴ እህቱ አሜሪካ ናት። ለበዓል ስትመጣ ሻንጣ ይዛለት መጣች። ሲከፈት 300 ቺፕስ፣ ፖከር ላይ በብር ፈንታ የሚያስይዙት፣ በረድፍ ተደርድሮ ተኝቷል። ነጭ 100፣ ቀይ 100፣ አረንጓዴ 50፣ ጥቁር 50። ክብ ናቸው፣ እጅ ላይ ከበድ ይላሉ፣ ሲጋጩ የሸክላ ድምፅ አላቸው። ስድስት ትልልቅ ሰዎች አንዳንድ አንስተን ጠረጴዛውን ማንኳኳት ጀመርን። የቤቱ ባለቤት እትዬ የቡናውን ከሰል እያራገቡ አዩንና "ለልጆቹ ነው ያመጣችው?" አሉ።

ታዲያ ቺፕሱ ላይ ቁጥር የለም። ባዶ ነው። ዋጋውን የምትሰጡት እናንተው ናችሁ። ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል።

ባለባጃጁ ስልኩ ላይ የፖከር ውድድር እያየ ያደገ ነው። "ጥቁሯ 1000 ትሁን፣ እዚያ አንድ ሚሊዮን ነው የሚጨምሩት" አለ። ጋሼ አቋረጡት። ጋሼ ጡረታ የወጡ፣ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ባንኩም እሳቸው ናቸው። ባንኩ ማለት የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። "ውድድር ላይ ቁጥሩ ነጥብ ነው፣ ልጄ። የመግቢያውን አንዴ ከፍለህ ነጥብ ይሰጥሃል። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዷ ቺፕስ ጣሳው ውስጥ የተኛ ብር አላት። የሌለ ብር አልጠብቅም" አሉ። የብሔራዊ ባንክ ገዢ ቢሆኑ ይሻል ነበር የምንለው ያለ ነገር አይደለም።

ነጋዴው "በቃ፣ ነጯ 50 ትሁን፣ ሌላው ከዚያ ይቀጥል" አለ። እንደ ቀልድ፣ እንደ ዋዛ። የጨርቅ ነጋዴ አነጋገር ታውቁታላችሁ፤ 50 ሲል 5 የሚል ነው የሚመስለው። ሁላችንም መምህሩን አየነው። መምህሩ ጣሪያውን አየ። ከዚያ "እንደተመቻችሁ" አለ።

እዚህ ላይ ልቁም። "እንደተመቻችሁ" የሚለውን መልስ ደሴ ውስጥ ሰምቶ የተመቸው ሰው የለም። ሰውዬው ሲያመው "ደህና ነኝ" ይላል፣ ሲርበው "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል፣ አቅሙ ሳይችል "እንደተመቻችሁ" ይላል። የትንሿን ቺፕስ ዋጋ መወሰን ያለበት ከሁሉም ቀጭን ኪስ ያለው ሰው ነው። ይሄ ፖከር የገባው ሰው ሁሉ የሚስማማበት ነገር ነው። ተሸንፎ የማይጎዳበት ብር ካልሆነ ሰው አይጫወትም፣ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ብቻ ይገባል፣ ሌላውን ሁሉ ይጥላል፣ ጨዋታው ይሞታል። ግን ቀጭኑ ኪስ የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? በይሉኝታ አገር "አንተ ስንት አለህ?" ብሎ ከመጠየቅ ሚስቱን ዕድሜዋን መጠየቅ ይቀላል። ስለዚህ ሁላችንም ሀብታም ሆነን ተቀመጥን። እኔም "50 መጥፎ አይደለም" ብያለሁ። የወር ኪራይ ይዤ ነበር የመጣሁት።

እትዬ ናቸው የገላገሉን። አቦሉን እየቀዱ "ስንት ተበልታችሁ ብትገቡ ነው ሚስቶቻችሁ የማይቆጡ?" አሉ።

ጸጥ አልን። ከዚያ መምህሩ "200" አለ። የኮምቦልቻው "200 ልክ ነው" አለ። ባለባጃጁ "200 ራሱ ብዙ ነው" አለ። ነጋዴው ሲኒውን አስቀምጦ በረጅሙ ተነፈሰ። "እውነቱን ለመናገር የኔዋም ከዚያ አታልፍም" አለ። 50 ያለው እሱ ነው እንግዲህ!

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ለጋሼ ቀላል ነበር። የአሜሪካኖቹ ልማድ ነጭ 1፣ ቀይ 5፣ አረንጓዴ 25፣ ጥቁር 100 ነው። ባለባጃጁ እንዳለ እንገልብጠው ብሎ ነበር። ግን 25 የእነሱ ሳንቲም ልክ ነው፤ እጃቸው ለምዶታል። የእኛ ብር 5፣ 10፣ 50፣ 100፣ 200 ነው። 25 ያለን ስሙኒ ብቻ ነው፣ እሷንም የሚያነሳት የለም። ማታ ስንበተን ጋሼ ለአንድ አረንጓዴ 25 ብር ከየት ያመጣሉ?

መጀመሪያ ነጯ 5፣ ቀይዋ 10 ትሁን የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ጋሼ አልወደዱትም። ሁለት ቀለም እጥፍና ግማሽ ከሆኑ አንደኛው ሥራ ፈት ነው፤ በአንዱ የሚሠራውን በሌላው ትሠራዋለህ አሉ። ነጭ 1፣ ቀይ 10 ሲባል ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። አንድ ቀይ ለመመንዘር አስር ነጭ ይሄዳል፣ ነጩ በአንድ ሰዓት ያልቃል። ከአንዱ ወደ ሌላው አራት ወይም አምስት እጥፍ ሲሆን ነው ደህና የሚሄደው። ስለዚህ ነጭ 2፣ ቀይ 10፣ አረንጓዴ 50፣ ጥቁር 200 ሆነ። ከነጯ በስተቀር ሁሉም የሚመስለው ወረቀት አለው። ጥቁሯ በመስከረም 2013 ከአዲሶቹ ብሮች ጋር የወጣችው ባለ 200 ናት ማለት ነው።

ብላይንዱ 2 እና 4 ብር። የሚገባው ሰው 200 ብር ጣሳው ውስጥ ይከታል፤ 15 ነጭ፣ 12 ቀይ፣ 1 አረንጓዴ ይሰጠዋል። ደምሩት፣ ልክ ነው። ለስድስት ሰው 90 ነጭ ይሄዳል፣ 10 ለመመንዘሪያ ይቀራል። ጥቁሯ የምትወጣው አንዱ ሰው ብዙ ቀይ ሰብስቦ ሌላው ሲያልቅበት ነው። አብዛኛውን ማታ ሻንጣዋ ውስጥ እንደተኛች ታድራለች። እንዳማረባት።

ሰው በቺፕስ ሲጫወት ልቡ ይሰፋል። 10 ብር አውጣ ቢባል ሦስቴ የሚያስብ ሰው ቀይዋን ወርወር ያደርጋታል። መምህሩ ግን አሁንም አይወረውርም። ነጮቹን አምስት አምስት አድርጎ ይደረድራል፣ በአውራ ጣቱ ጠርዛቸውን ያስተካክላል፣ አንዷን ሲያነሳ የቀሩትን አራቱን አጽናንቶ ነው። ልማድ ሆኖበት አንዷን ወደ አፉ ሲያስጠጋት አይቻለሁ።

የፖከር ሕግ ጠረጴዛ ላይ ያለ ገንዘብ ከጠረጴዛ አይነሳም፣ ለሌላም አይሰጥም ይላል። ወሎ ላይ ይሄ ሕግ አልሠራም። አንዱ ጨርሶ ሲበላበት የበላው ሰው ራሱ ሁለት ቀይ አንስቶ "በሞቴ፣ ያዝ" ይለዋል። ያኛው "አልይዝም" ይላል። "እምቢ ካልክ እኔም አልጫወት።" እንደ ጉርሻ ይገፋፉበታል። ጋሼ ባስያዙት ላይ ደግሞ የሚጨምር የለም። ትልቅ ሰው አስይዞ ሳለ እንዴት ብሎ? ጋሼ ምንም ካርታ ሳይኖራቸው ስንቱን በልተውናል።

የኮምቦልቻው ልጅ ችግር ሌላ ነው። ሲያሸንፍ "መኪና ያልቅብኛል" ይላል። ሲበላበት ሐረጎ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ቁጭ ሳይል አስቀድሞ ይናገራል፤ ይሄን ሕግ ያወጣነው ለእሱ ብቻ ነው። በረመዳን እንቆማለን፣ በሁዳዴም እንቆማለን። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም ወገን ስላለ አንዱ ሲፆም ሌላው ያከብርለታል። ሚስቶቻችን ሌላም ፆም ቢጨመር አይጠሉም።

እትዬ በበኩላቸው ለቡናው ከየዙሩ አንዳንድ ነጭ ማንሳት ጀመሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ካርታ ሳይነኩ የሁልጊዜ አሸናፊ እሳቸው ሆኑ። ነጮቹን ወደ ብር አልቀየሩም። ልጁን ነጭ አስይዘው ሱቅ ላኩት። ባለሱቁ የጋሼን ጣሳ ያውቃል፤ አምስት ነጭ 10 ብር መሆኑንም ሰምቷል። ተቀበለ። በማግስቱ ለሌላ ሰው የሁለት ብር መልስ አድርጎ ሰጠው። ከማስቲካ ይሻላል፣ ሰዉም ወደደው። አሁን ሰፈሩ ውስጥ "ነጭ የለህም?" የሚል ሰው መስማት ብርቅ አይደለም። እኛ ጠረጴዛ ላይ ነጭ እያነሰን በቀይ ስንጫወት፣ ባለሱቁ መሳቢያ ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል።

ባለሱቁም ነቅቷል። ዝም ብሎ አይቀበልም። ባለፈው ሳምንት መምህሩ አንዷን ይዞ ሄዶ ነበር። ባለሱቁ አምፖሉ ሥር አነሳት፣ አገላበጣት፣ ጠርዟን በጥፍሩ ፋቀ ፋቀ አደረገና መለሰለት።

"ይቺ አታልፍም" አለው። "የኮምቦልቻ ናት።"