«አሁን» ወይስ «በኋላ»? «አልፈልግም» የሚለው የት ገባ?

«አዲሱ ስሪት ደርሷል። አሁን ያዘምኑ? በኋላ ያዘምኑ?» አለቀ። ሦስተኛ ምርጫ የለም። «አልፈልግም፣ ያለው ይበቃኛል» የምትል አንዲት ቁልፍ ለመጨመር ስንት መሐንዲስ ይፈጃል? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሶፍትዌር በየስልካችን ተቀምጦ እኛኑ ያዝዘናል!

እናቴ ሐዋሳ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን አሳምራ ታውቃለች። የባንኳን መተግበሪያ ያለማንም እርዳታ ትጠቀም ነበር። ሒሳብ የሚታይበት ከላይ በስተቀኝ ያለው አረንጓዴ ነው፣ ገንዘብ የሚላክበት ከሥሩ ያለው ብርቱካናማ ነው። ደንበኛ «ልኬልሻለሁ እማማ» ሲላት አረንጓዴውን ነክታ፣ ቁጥሩ መጨመሩን በዓይኗ አይታ ነበር ቅቤውን የምታስረክበው። ይህን እስክትለምድ ወራት ፈጅቶባታል።

ባለፈው ሐሙስ ገበያው በደራበት ሰዓት «ካላዘመኑ መቀጠል አይችሉም» ብሎ ተዘጋ። ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የጎረቤት ልጅ በእሷው ሒሳብ የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ አዘመነላት። ሲከፈት አረንጓዴው የለም። ሁሉም ነጭና ሰማያዊ ሆኗል፣ ቁልፎቹ ወደ ታች ወርደዋል፣ አረንጓዴው በነበረበት ቦታ የብድር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከዚያ ወዲህ ሒሳቧን የሚያይላት ያ ልጅ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሯንም ያውቃል። ልጁ ጨዋ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን የገንዘቧን ልክ ከራሷ በቀር ማንም የማያውቅላት ሴት ዛሬ ሰው ፊት «ስንት አለኝ ልጄ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ እንዲሆን ማን ፈቀደ? እሷን ማን ጠየቃት?

«ለደኅንነት ነው» የምትሉኝን እሰማለሁ። እውነት አላችሁ። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት ላይ አውጥቶት ነበር። መጠገኛውን ሳይጭኑ የቆዩት ተመቱ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማን ቀጠሮ ሰረዙ። ስለዚህ ቀዳዳው ይደፈን። ቀዳዳ መድፈንና የእናቴን አረንጓዴ ቁልፍ መደበቅ ግን ምን አገናኛቸው? ኮትህ ላይ አንድ ቁልፍ እንዲተክልልህ የሰጠኸው ልብስ ሰፊ እጅጌውን ቆርጦ «ዘመናዊ አደረግሁልህ» ቢልህ ሒሳብ ትከፍለዋለህ?

አመሉ የእኛ ባንኮች ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2016 ማይክሮሶፍት ሰዉን ወደ ዊንዶውስ 10 ሲያሸጋግር፣ የማስታወቂያውን መስኮት በኤክስ ምልክቷ የዘጋ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠር ነበር። እምቢታው እሺታ ተደርጎ ተመዘገበ ማለት ነው! ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንዲት የካሊፎርኒያ የጉዞ ወኪል «ሳልፈቅድ ተጭኖ የሥራ ኮምፒውተሬን አበላሸብኝ» ብላ ከስሳ 10,000 ዶላር ተፈረደላት። ኩባንያው በዚያው ዓመት «አልቀበልም» የሚል ምርጫ ጨመረ። ከጩኸት በኋላ ተቻለ እንግዲህ። በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን ስልክ የሚያዘገይ ማዘመኛ ደንበኞቻቸውን አስጭነዋል ብሎ አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ።

እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ሕጉ የባለመረጃውን ፈቃድ ቁም ነገር ብሎ ይዞታል። ስለ ስሜና ስለ ስልክ ቁጥሬ ፈቃዴ የሚጠየቅ ከሆነ፣ በየቀኑ እንጀራዬን የምበላበት መሣሪያ በእጄ ላይ ሲለወጥ የማልጠየቀው በምን ሒሳብ ነው?

አንዲት ብር ስትገባና ስትወጣ መልእክት የሚልክ ባንክ «ከወር በኋላ ገጽታው ይለወጣል፣ ይህን ያህል ሜጋባይት ይፈጃል» ብሎ አስቀድሞ መንገር አያቅተውም። ማዘመኑ ከገበያ ሰዓት ውጭ ይሁን። የደኅንነቱ ጥገና ለብቻው ይምጣ፤ የድሮውን ገጽታ የሚፈልግ ሰው ይቆይለት። ይህንኑ በጽሑፍ አድርጌ ሰኞ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አስገባለሁ። እናት አባቶቻችሁ እንዲህ የተቸገሩባችሁ እናንተም በየቅርንጫፋችሁ አስገቡ፤ ደብዳቤው መድረሱንም አስፈርሙ።