ባዶ ሰርቨር ላይ ለምን ትበትኑናላችሁ?

በቃ፣ አሁንስ አንገሸገሸኝ! ዛሬም ኦንላይን ጌሜን ከፍቼ "ተጫዋች በመፈለግ ላይ" የሚለው ጽሑፍ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ለአምስት ሰው ቡድን አራት ተገኘን፤ ሂለር (የቡድኑን ቁስለኞች የሚያክም ተጫዋች) ጠፋ። ስንጠብቅ ስንጠብቅ አንዱ ሰልችቶት ወጣ። ወረፋው እንደገና ከዜሮ!

ሰው የለም እንዳልል ሌላው ሰርቨር (ተጫዋቾች የሚገናኙበት ኮምፒውተር) ጢም ብሎ መግቢያ የለውም። እኛ ጋ ግን የጌሙ ከተማ ወና ነው፤ ገበያው ላይ እንኳ የሚሸጥ ዕቃ የለም። ታዲያ ለምን አታቀላቅሉንም? ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም እኮ በ2013 እ.ኤ.አ. ሰው የሳሳባቸውን ሰርቨሮች ማገናኘት ጀምሯል። አዲስ ነገር መች ጠየቅን?

የጌሙ ባለቤቶች ግን ሌላ አህጉር ያለ ሰርቨር ላይ ይወረውሩናል። ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ250 ሚሊሰከንድ በላይ! እኔ ስተኩስ ሰውዬው አልፎ ሄዷል። ጓደኛዬ ወዳለበት ልዛወር ስል ደግሞ ክፈል ይሉኛል። ሰርቨሩን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ እንዴ?

ጀማሪውን ከአንጋፋ ጋር ያጋጥሙታል፤ ተቀጥቅጦ ይወጣል፣ አይመለስም። በዚህ ላይ በየጊዜው አዲስ ሞድ (የአጨዋወት ዓይነት) እየጨመሩ ያለነውንም ይከፋፍሉናል። ሞዱ ይቅርብን፣ መጀመሪያ አብሮን የሚጫወት ሰው ስጡን!